ጅራቷ ያልተሳለ ዓሣ ነባሪ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዓሣ ነባሪ እየሳልሁ ነበር። ራሷን፣ ትንሿን ዓይኗን፣ ከደረቷ ሥር ያሉትን ሁለት መቅዘፊያዎች ጨርሻለሁ። ሆዷን ወደ ኋላ እያጠበብሁ መጥቼ ጅራቷ ጋ ልደርስ ስል በሩ ተንኳኳ። ዳይሬክተራችን ነው። ከኋላው ካኪ ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ዳይሬክተሩ ፊቴን ማየት ትቶ የሰሌዳውን እግር እያየ፣ «አንድ ጊዜ ይፈልጉሻል» አለኝ።

«ትምህርቱን ልጨርስና።»

«ይቆይ» አለ ካፖርት ከለበሱት አንዱ። ክፉ አልተናገረኝም። እንዲያውም ጠመኔውን ከእጄ ተቀብሎ እንዳይሰበር ቀስ አድርጎ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

ከክፍሉ ስወጣ ዞሬ ያየሁት ልጆቹን አይደለም። ጅራቷ ሊሆን የሚገባውን ባዶ ቦታ ነው። የዓሣ ጅራት የቆመ ነው፤ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። የዓሣ ነባሪ ጅራት የተኛ ነው፤ ላይና ታች ይቀዝፋል። ዓሣ አለመሆኗ ከሩቁ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ የዚያን ቀን ትምህርት የሚያርፈውም እዚያ ላይ ነበር። «ከኔ በኋላ የሚገባው ሰው አቁሞ ይስለዋል» እያልሁ ነው ማኪናው ላይ የወጣሁት። ያኔ ያሳሰበኝ ይህ ነበር ብል የሚያምነኝ የለም፤ ግን ይኸው ነበር።

አስተማሪዎች ሥራ ለማቆም ስንመክር በሰነበትንበት ወራት ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብዙዎቻችን እኔ ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል ተሰብስበን ነበር። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝና ቤቴን ልጅም ባልም አያውከውም፤ ለዚያ ተመረጠ። የሚጠይቁኝ ስብሰባውን ማን እንደ ጠራው ነው። ማን እንደ ጠራው ደግሞ አውቃለሁ።

በዚያ ዓመት የመጣ ወጣት አስተማሪ ነበር። አባቱ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጥቶ ምጽዋ ወደብ ላይ ዕቃ በማራገፍ የኖረ ሰው ነው፤ ልጁ እዚያው ባሕሩ ጠርዝ ላይ ተወልዶ አደገ። ዋና ያውቃል። በቦርሳው ውስጥ የቡጢ ያህል ዛጎል ይዞ ይዞራል። በዕረፍት ሰዓት የኔ ክፍል ልጆች ደወሉ ተደውሎ ሳያበቃ ወደ እሱ ይሮጡ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው የሚበላውን ዓሣ አይተውታል?»

«ምን አይቼው! እሱ እኔን ሲያይ ነው የሚሸሸው። የወገራ ሰው ሥጋ ይመረኛል ይላል አሉ።»

ይፈርሳሉ በሳቅ። እኔ በመስኮት እሰማለሁ። እኔ ሳስተምር ልጆቹ ዝም ይላሉ፤ ይጽፋሉ፤ ስጠይቃቸው ይመልሳሉ። እንዲያ ሲስቁ ግን ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ደግሞ በራፉ ላይ ቆሞ ሲያዳምጠኝ ቆየና፣ «እትዬ፣ ባሕር ሁልጊዜ ሰማያዊ አይደለም እኮ። አንዳንድ ቀን የመጥቆሩ ነገር!» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው። ትሕትናው ባሰብኝ።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ባል ፈትቼ ነው። ጣልያን ወጥቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ተቀመጥሁ። «የልጅ እናት» ይሉኝ ነበር፤ ልጅ እንኳ አልነበረኝም። በዚያው ዓመት አስተማሪያችን የዓለምን ካርታ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ከመሬቱ ሰማያዊው ይበዛል። ምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ «ውሃ ነው» አለ። ይህ ሁሉ ውሃ ሳለ እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ርስቴን የደበቁኝ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። ገጹ የጎደለ አንድ መጽሐፍ ነበረኝ፤ የጎደለውን ከሌላ መጽሐፍ ስፈልግ ዓመታት ሄዱ። ያ የምጽዋ ልጅ ግን ይህን ሁሉ እግሩን ነክሮ አገኘው።

ያስገቡኝ የእስር ቤት ክፍል በጣልያን ጊዜ ማኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ነበር። የብረቱ በር ሲዘጋ የጣራው ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ጭስ፣ እርጥብ ጋቢና የቆየ ዘይት ይሸታል። ከሲሚንቶው መሀል፣ ዘይት ለዓመታት ሲንጠባጠብ ሲሚንቶው ጠጥቶት የቀረ ረጅም ጥቁር እድፍ አለ፤ ሴቶቹ በአመድም በአሸዋም አሽተውት አልለቅ ብሏል። በስም መጠራራት አልነበረም፤ ሰው በአገሩ ነው የሚጠራ። የእንፍራንዟ የቄስ ሚስት ናት፤ የባሏ ወንድም ድንበር ገፋ ብላ በዘነዘና መትታው ነው የገባችው። የአይከሏ ያለ ፈቃድ አረቄ ስታወጣ የተያዘች ናት፤ ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ስለሌለ አብረዋት ገብተዋል፤ አንዲት የመጀመሪያ ጥርሶቿ የወለቁ ሴት ልጅና ገና ቃል የሚያጣምም ታናሽ ወንድሟ። እኔ «የጎንደሯ» ሆንሁ።

ሴቲቱ ልጅ ገና ጋቢዬን ሳላነጥፍ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንቺስ ማንን መታሽ?»

«ማንንም አልመታሁ።»

«አረቄ አወጣሽ?»

«አላወጣሁም። አስተማሪ ነኝ።»

ከልቧ አዘነችልኝ። «አይዞሽ» አለች፣ «ይለቁሻል።»

ወዲያው አስተምራት ጀመር። እጄ ሥራ መፍታት አይችልም። ፊደሉን ቶሎ ያዘች፤ ባሕሩን ደግሞ ከፊደሉም ቶሎ። ታናሹም እየተንከላወሰ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል። ውጭ ያጣሁትን ክፍል በሁለት ልጅ መልሼ አገኘሁት መሰለኝ። ከዚያ ጾመ ነነዌ ገባ።

ነነዌ በእስር ቤት ውስጥ እንደ ውጭው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ሴቶቹ እስከ ማምሻው እህል አይቀምሱም፤ ወደ ደብሩ ፊታቸውን አዙረው ይሰግዳሉ። ልጆቹ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ሲሰለቻቸው ያለቅሳሉ። በመጀመሪያው ቀን ታናሹ አልቅሶ አልቅሶ አልበቃው ሲል የእንፍራንዟ «ና ወዲህ፣ ዮናስን ላጫውትህ» አለችው። ሄደ። እኅቱም ተከተለች። ዮናስን ተርካ ስታበቃ እንደገና አሰኟት። ማዕበሉን በከንፈሯ ትነፋዋለች፤ መርከበኞቹን በየድምፃቸው ታናግራለች፤ በመሀሉ ግዕዟን ጣል ታደርጋለች። እስር ቤቱ ያለው ሁለት ልጅ ነው፤ ሁለቱንም ወሰደችብኝ።

«ዮናስን የዋጠችው ዓሣ አይደለችም» አልሁ ካለሁበት ሆኜ።

«ምነው?» አለች ቀና ብላ። «እንግዲያ ምንድን ናት? ሚዳቋ?»

«ዓሣ ትመስላለች እንጂ አይደለችም። እንደኛ አየር ትስባለች። ልጇን ጡት ታጠባለች።»

«ጡት?» አለች የአይከሏ፤ እስከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ አሸልባ ነበር።

«ጡት።»

«ባሕር ውስጥ?»

«ባሕር ውስጥ።»

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች የእንፍራንዟ። «እኔ ያደግሁት ጣና አፋፍ ነው። ዓሣ ጠብሻለሁ፣ ዓሣ ቀቅያለሁ፣ ወተት የወጣው ዓሣ ግን አላየሁም። ደግሞስ ወተት ካላት ፍስክ ናት ማለት ነው።»

ሴቲቱ ልጅ አሰበችና፣ «ታዲያ እሷ ነነዌን ገደፈች?» አለች።

«ማን?»

«ዓሣ ነባሪዋ። ዮናስን በላችው እኮ።»

የእንፍራንዟ ሳቋ አመለጣት። «አልበላችውም፣ የኔ ሸጋ። ዋጠችው እንጂ መች አላመጠችው! ሦስት ቀን ሙሉ አፏን ዘግታ ይዛ፣ ጠጉሩ ሳይጎድል አወጣችው። ከሷ በላይ ማን ጾመ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ደጅ የነበረው ሽማግሌ ዘበኛ እንኳ ሲስቅ ተሰማ። እኔ አልሳቅሁም። እንዲያ ያለ መልስ ከኔ አፍ ባለመውጣቱ ነደደኝ።

ያን ጊዜ ነው እድፉን ያየሁት። ረጅም፣ ጥቁር፣ ወደ አንድ ወገን የወፈረ፣ ወደ ሌላው የጠበበ። ከግድግዳው የተላጠ ኖራ አነሳሁና ተንበርክኬ ዓይን ሳልሁበት። ቀጥዬ የተዘጋውን አፍ። ቀጥዬ መቅዘፊያዎቹን። ልጆቹ ሳልጠራቸው መጡ።

«ይህን ታህላለች?» አለች ልጅቱ።

«ይህማ ምላሷ አይሆንም። እሷ ከዚያ ግድግዳ ብትነሳ፣ በሩን አልፋ፣ ግቢውን አቋርጣ የዘበኛው ማማ ትደርሳለች።»

«አያን ትውጣቸዋለች?» አለ ታናሹ በሩን እያየ። ሽማግሌውን ዘበኛ ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው።

«እኔ መራራ ነኝ!» አሉ አያ ከውጭ።

«ጅራቷስ?» አለች ልጅቱ።

«ጅራቷ ነገ» አልሁ። ጊዜ ጠፍቶ አልነበረም። ነገ ወደ እንፍራንዟ እንዳይሄዱ ነው። በማግስቱም «ነገ» አልሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አያ በሩን ከፈቱ። «ተነሽ ልጄ። ነጠላሽን አጣፊ፤ ጠርተውሻል።»

መርማሪው መቶ አለቃ ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተደፍቷል፤ እሱም ነነዌን ይዟል ማለት ነው። አልጮኸብኝም። ወንበር ሰጠኝ።

«ልጄ ካንቺ ክፍል ነው» አለ።

አውቃለሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ጥፍሩን የሚበላ ልጅ ነው።

«ስለ ባሕር የምታስተምሪው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ጀምሬው ነበር።»

«አሁን ክፍልሽን ያ የምጽዋው ልጅ ይዞታል።»

ይህን አልሰማሁም ነበር። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፤ ቀጠለ። «ዛጎል አለው። በየተራ ጆሯቸው ላይ አስጠግቶ የባሕር ድምፅ ነው ይላቸዋል።»

«የባሕር ድምፅ አይደለም» አልሁ። «የገዛ አካባቢያችን ድምፅ ነው፤ ዛጎሉ ውስጥ ገብቶ ሲመላለስ እንዲያ ይሆናል።»

«እኔም ለልጄ እንደዚያ ነገር አልሁት። አላመነኝም። ጋሼ ነው ያለው አለኝ።» በጣቱ የብርጭቆውን ቂጥ መታ መታ አደረገ። «ማታ ከሥራ ስገባ ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። ጋሼ እንዲህ አለ፣ ጋሼ እንዲያ አለ። ቤቴ ውስጥ ጋሼ የሚባለው እኔ ነበርሁ።»

ብዙ እንደተናገረ ገባውና ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋው። እኔ ግን ለይቼዋለሁ። በሰው አገር የመንደሩን ሰው በአነጋገሩ እንደሚለይ መንገደኛ ነው የለየሁት።

«ነገሩ አጭር ነው» አለ ድምፁን አስተካክሎ። «ስብሰባውን እሱ እንደ ጠራው እናውቃለን። ካንቺ አፍ ይውጣ ነው። ዛሬ ካልሽው ሰኞ ጠዋት ክፍልሽ ነሽ።»

በዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያሰብሁትን እንዳለ ልጻፈው። ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ታየኝ። ልጆቹ ብድግ ሲሉ፣ ዛጎሉ ከክፍሉ ሲወጣ ታየኝ። ሰበብም ነበረኝ፤ ሰበቤ ጅራቷ ነበረች። ባሕርን ያየ ሁሉ ባሕርን ያውቃል ማለት አይደለም። ከአጥማጆች ጋር ያደገ ልጅ ሲያይ የኖረው የዓሣ ጅራት ነው፤ አቁሞ ይስለዋል። ልጆቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆመ ጅራት ይዘው ይሄዳሉ። ይህን ለማቃናት ብመለስ ማን ይፈርድብኛል? ለልጆቹ ስል ነው እላለሁ። ይህን ያህል ተቃርቤ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አልሁት። «ጅራቷን ስሏታል?»

«የምን ጅራት?»

«የዓሣ ነባሪዋን። ሲወስዱኝ ጅራቷ ቀርታ ነበር።»

ግንባሩን ቋጠረ፤ ወዲያው ፈታው። «አዎ፣ አዎ። ልጁ ነግሮኛል። የሰሌዳውን ሥዕል አላጠፋውም አለ። እትዬ የጀመረችውን ጋሼ ጨረሰው አለኝ።»

«እንዴት አድርጎ?»

መቶ አለቃው ሳቅ ሊል ዳዳው፤ እስረኛ እንዲህ ጠይቃው አታውቅም መሰለኝ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛውና፣ ልጁ እራት ላይ እንዳሳየው፣ ላይና ታች፣ ላይና ታች አደረገው። ቀስ ብሎ። ባሕር ውስጥ ያለ ይመስል።

የተኛ ነበር።

የቆመ ቢሆን ኖሮ ምን እል እንደነበር አላውቅም፤ ለማወቅም አልፈልግም። ልክ ነበር። ሰበቤን ከእጄ ወሰደው። ከዚያ በፊት እሱን የጠላሁት በሳቁ፣ በዛጎሉና በወጣትነቱ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ልክ በመሆኑ ጠላሁት። ቢሆንም ልክ የሚያስተምርን ሰው ከልጆች ፊት አላነሳም። ሌላ ብዙ ነገር ላደርግ እችል ነበር፤ ይህን አልችልም።

«ቤቱ የኔ ነው» አልሁ። «በሩን የከፈትሁትም እኔ ነኝ። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ለሱ ብለሽ ነው? እሱ ላንቺ ያደርገዋል?»

«ለሱ አይደለም። እሱን አልወደውም።»

የመቶ አለቃው መዳፍ አሁንም ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ነበር።

«እኔም» አለ።

አያን ጠርቶ አስመለሰኝ። በግቢው ስንሄድ አያ፣ «ምን አሉሽ?» አሉኝ። «ሰኞ እንደማልሄድ ነገሩኝ» አልኋቸው። «ከሰኞ በኋላም ቀን አለ» አሉ፣ ቁልፋቸውን እየፈለጉ።

ስገባ ሴቶቹ ሊገድፉ ሽሯቸውን እያሞቁ ነው። ልጆቹ የእንፍራንዟ ጭን ሥር ናቸው፤ ዮናስ እንደገና ሊዋጥ ነው። ማንንም አልጠራሁም። ኖራዬን አንስቼ ተንበረከክሁና፣ እድፉ ከሚያልቅበት ጀምሬ ጅራቷን ሳልሁ። ሰፊ፣ ሁለት ክንፍ ያላት፣ የተኛች። አንዱ ጎን ተጣመመብኝ። በነጠላዬ ጫፍ አጥፍቼ እንደገና ሳልሁት።

የእንፍራንዟ ዮናስን መርከቡ ላይ ትታው መጣች። አጎንብሳ አየችው።

«የተኛ ነው?»

«የተኛ ነው።»

«ምነው?»

«አየር ለመሳብ ከላይ መውጣት አለባት። የቆመ ጅራት ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይገፋም።»

ታናሹ ሆዱን ሲሚንቶው ላይ አስተኝቶ እግሮቹን ላይና ታች አደረገ። እኅቱ ኖራውን ከእጄ ወስዳ ከዓሣ ነባሪዋ ሆድ ሥር ሌላ ትንሽ ሳለች፤ ልጇን። የእንፍራንዟ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጅራቷን ላለመርገጥ ዞራ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ክፍል ማንም በላይዋ አላለፈም፤ ሁሉም ዙሪያዋን ነው የሚሄድ። ኖራው በደበዘዘ ቁጥር እኔ አደምቀዋለሁ።

ከክረምቱ በኋላ ተፈታሁ። ክፍሌን አልመለሱልኝም፤ ወደ አምባ ጊዮርጊስ አዛወሩኝ። የዚያ ወጣት አስተማሪ አባት አገር መሆኑን ሳስብ ሳቅ ይመጣብኝ ነበር። እሱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ምጽዋ ተመለሰ አሉ። ስለ እሱ የጠየቀኝ ሰው እንዳለ፣ ምን እንደመለስሁም አያውቅም። ነግሬውም አላውቅም። እኔ በጡረታ እስክገለል ድረስ ባሕርን አስተማርሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ባሕርን አላየሁም።

በቅርቡ ጎንደር ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽበት የወረረው ሰው ከፊቴ ቆመና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

«እትዬ፣ አያስታውሱኝም።»

ጥፍሮቹን አየሁ። አሁንም ይበላቸዋል። «ሁለተኛው ረድፍ» አልሁት።

ደስ አለው። አጠገቤ ተቀመጠ። ልጆቹን ነገረኝ፤ ሕመሙን ነገረኝ፤ አባቱ መሞቱንም ነገረኝ። ከዚያ፣ «ያን ጊዜ ባሕርን ያስተማሩን ጋሼ ትዝ ይሉዎታል?» አለ። «የዛጎሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኝ አንድ የቀረኝ እሳቸው ያስተማሩን ዓሣ ነባሪ ነው። ለልጆቼም አሳይቻለሁ፤ አሁን ለልጅ ልጄ።» መዳፉን ወደ ታች አድርጎ በመሀላችን ዘረጋው። ላይና ታች፣ ላይና ታች። የአባቱ እጅ ነው።

ሰዎች ዕድሜዬን ሙሉ ስሕተት ሳገኝ የማላልፍ መሆኔን ያውቃሉ። የነጠላ ሰረዝ እንኳ አላልፍም።

«ልክ ነህ» አልሁት። «የተኛ ነው።»

ስሜ ተጠርቶ ተነሳሁ። በዚያ ረጅም ኮሪደር ስሄድ፣ ራሷን የሳልሁት እኔ ነኝ፣ ዓይኗን የሳልሁት እኔ ነኝ እያልሁ ነው የሄድሁት፤ አፌን ዘግቼ።